ሌባ የሚለየው ቀይ ወረቀት

ልደታ ማርያምን፣ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት የፈጠራ ቃል የለችም። ያላመነ ጌጃ ሰፈር ወርዶ ይጠይቅ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር የሚገኘው፤ እሱም ከጠፋ ሰንብቷል። በግቢያችን ሰዉም ድስቱም የሚታጠበው በአመድ ነው። ታዲያ ጎረቤታችን እትዬ ትርፌ ለፋሲካ ብለው የሸሸጓት አንዲት ሳሙና ጠፋች። ጣታቸውን የቀሰሩት በቤት ሠራተኛቸው በደሚቱ ላይ ነው።

"ነገ ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ" አሏት።

ደሚቱ መሄጃ የላትም። እኔ ደግሞ ስምንተኛ ክፍልን እየደጋገምኩ ስለምማር ሳይንሱን ከአስተማሪው እኩል አውቀዋለሁ። ከቤተ ሙከራ ጥቂት የሊትመስ ወረቀት ኪሴ ገብቶ ነበር፤ እንዴት እንደገባ ኪሴን ጠይቁት።

ጠዋት የግቢው ሰው ሁሉ ቧንቧው ጋ ተሰልፎ ሳለ ወረቀቱን አወጣሁ።

"ሳሙና ቤዝ ነው። የነካው እጅ ይህን ቀይ ወረቀት ሰማያዊ ያደርገዋል። ከሰዓት ሁላችሁም ትፈተናላችሁ።"

አፌ መቼ ያርፋል፤ "የሚያከሽፈው ሎሚ ብቻ ነው፣ አሲድ ነዋ" ብዬ ጨመርኩበት።

ከሰዓት መጀመሪያ ደሚቱ እርጥብ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ሰማያዊ ሆነ።

"አላልኩም?" አሉ እትዬ ትርፌ።

የልጅቷ እንባ መጣ፤ እኔ ሌላ ወረቀት መዘዝኩ።

"ይቆዩ እንጂ እትዬ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩ።"

ሰማያዊ። ሌሎቹ ጎረቤቶቻችን፣ ጋሼ ተክለጻድቅም ሰማያዊ፣ ዙሃራም ሰማያዊ።

"አንተ ቀልማዳ፣ የራሴን ሳሙና ሰረቅሽ ልትለኝ ነው?" አሉ እትዬ ትርፌ።

አመዱ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አመድም ለካ ቤዝ ነው። አፍሬ ወረቀቴን ልሰበስብ ስል ዘነበ ጣቱን ዘረጋ። ዘነበ ማለት ኮሌታው ከመንጣቱ የተነሳ ዝንብ ስታርፍበት ተንሸራታ ስትወድቅ በዓይኔ ያየሁት ጎረቤታችን ነው፤ "ሰንጋ ተራ ያለችው እህቴ ናት የምታጥብልኝ" ይላል።

ወረቀቱ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

"አያችሁ ንጹሕ ሰው" አለ።

ዙሃራ እጁን ሳብ አድርጋ አሸተተች። "ዘነበ፣ ሎሚ ምን ሊያደርግልህ?"

"ጉንፋን ይዞኝ።"

"ጉንፋኑ የያዘው እጅህን ነው?"

ግቢው በሳቅ ሞተ። ሳሙናዋ ከዘነበ ፍራሽ ሥር ስትወጣ ከመሳሳቷ የተነሳ ወዲያ ማዶ ታሳይ ነበር። እትዬ ትርፌ አንዴ ሳሙናዋን፣ አንዴ ደሚቱን አዩና እጇ ላይ አኖሩላት።

"እንኪ፣ ፊትሽን ታጠቢ። የትም አትሄጂም።"

ይኸው ነው፣ ሁሉም እውነት ነው። ዝንቧ ግን አልተንሸራተተችም። እሷን እኔ ነኝ የጨመርኳት።