ለሥራ አስኪያጁ ቤት ፍለጋ

ነገሩ የከረረው የአንዲት ሴትዮ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ ጅራት የታየ ዕለት ነው። ሴትዮዋ ኮፒዋን ተቀብላ ከበሩ ወጣ እንዳለች ተመለሰችና ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ከማኅተሙ አጠገብ ጥቅልል ያለ፣ ጥርት ብሎ የወጣ የእስስት ጅራት አለ።

"ይሄ ደግሞ የማን ፊርማ ነው?" አለች።

ፎቶ ኮፒውን የምታሠራው የጋሽ ሃሎ ልጅ የማሽኑን ክዳን ብድግ ስታደርግ፣ እስስቱ በማጠፊያው በኩል ባለችው ክፍተት ተወሽቆ፣ ጅራቱን ወደ መስታወቱ ሰዶ ሙቀቱን ይኮመኩማል። አንዱ ዓይኑ ሴትዮዋን፣ ሌላው ኮርኒሱን ያያል። ልጅቷ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሌላ ኮፒ በነፃ አነሳች። ሴትዮዋ እየሳቀች ስትሄድ ግን ልጅቷ ፊቷን ወደ አባቷ አዞረች።

"አባዬ፣ በቃ! ወይ ቤት ትፈልግለታለህ፣ ወይ እሁድ ወስጄ ወንዙ ዳር እለቀዋለሁ።"

"በዚህ እግሩ?"

"በዚህ እግሩ። አንድ ቀን ሳላየው ክዳኑን ድፍት ባደርግበትስ? የእማዬን እስስት በገዛ እጄ ልግደለው?"

እውነቷን ነው። የእስስቱ አንድ የኋላ እግር ቅርንጫፍ አይጨብጥም፤ ውጭ ቢለቁት ለመጀመሪያዋ ድመት ምሳ ነው። እዚህም እንዲሁ ሲንከራተት ከዋለ ወይ ማሽን ወይ የሰው ጫማ መጨረሻውን ያሳየዋል።

እስስቱ የሟች ሚስቱ ነው። ብስክሌት የሄደበትን ከመንገድ አንስታ፣ በሻሿ ጠቅልላ ነበር ያመጣችው። ጋሽ ሃሎ "ምን ይሁን ብለሽ ነው ደግሞ ይሄን?" ቢላት "ሥራ አስኪያጅ" ብላ መስኮቱ ሥር የነበረው የአበባ ተክል ላይ ሰቀለችው። እውነትም አንዱን ዓይኑን የገንዘብ መሳቢያው ላይ፣ ሌላውን በሩ ላይ ተክሎ፣ ሳይቸኩልና ሳይናገር ሁሉን ይቆጣጠር ነበር። ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሚስቱ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላም፣ ጋሽ ሃሎ ከሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ሥራ አስኪያጁን ውሃ አጠጣኸው?" ብላ ነው። ካለፈች ወዲህ ቅጠሉ ላይ ውሃ የሚረጨውም፣ ከግቢው ፌንጣ የሚያድነውም እሱ ራሱ ሆነ። በዚያ ዕድሜው ሳር ለሳር እየዘለለ ያየው ጎረቤት ሁሉ ሲያሾፍበት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ተክሉ ግን የእሷን እጅ ለምዶ ኖሮ ደረቀ። ሥራ አስኪያጁም ዙረት የጀመረው ያኔ ነው።

ከልጁ ማስጠንቀቂያ በኋላ ጋሽ ሃሎ መጀመሪያ ከጎረቤት የወፍ ሽቦ ቤት ተዋሰ። እስስቱ በሽቦዎቹ መሃል ሾልኮ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ጉብ ብሎ ተገኘ። ቀጥሎ የጌጥ ዓሣ ወደሚሸጠው ሰውዬ ሄደ። እዚያ ከዳር እስከ ዳር የተደረደረውን የመስታወት ሣጥን ሲያይ ዓይኑ አዋጅ ሆነበት። አንዱን ደባበሰና ዋጋውን ጠየቀ። ሲነገረው እጁን ቶሎ አነሳ፤ መንካቱም የሚያስከፍል መስሎት።

"አይዘኑ ጋሼ" አለ ሻጩ፤ "ቢገዙትም አይጠቅምዎትም። መስታወት ውስጥ አየሩ ይታፈንበታል። የራሱን መልክ እያየም፣ ሌላ እስስት መጣብኝ ብሎ ሲናደድ ይውላል።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ወደ ላይ የረዘመ ነው የሚያስፈልገው፤ መውጣት ይወዳል። ጎኑ ወንፊት ይሁን፣ ከላይ የምትሞቀው አምፖል ትኑረው። እንደ ሣጥን የተኛ ሳይሆን እንደ ሰው የቆመ።"

"እንደሱ ያለስ አለህ?"

"አለኝ፤ ዋጋው ግን ከዚህም ይብሳል።"

ጋሽ ሃሎ ኩም ብሎ ተመለሰ። እሁድ እየቀረበ ነው። ሱቁ ገብቶ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቀና ሲል፣ እንደ ሰው የቆመ ነገር ጥጉ ላይ ቆሞ ያየዋል። አሮጌዋ የስልክ ክፍል ናት።

ሱቁ ድሮ ስልክ ቤት ነበር። ስልክ በየኪሱ ሳይገባ በፊት ሰፈርተኛው ወረፋ ይዞ የሚደውለው እዚህ ነው። ጋሽ ሃሎም ስሙን ያገኘው ቀኑን ሙሉ "ሃሎ! ሃሎ!" እያለ ሲጮህ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ያለ ሽቦም ይሰማዋል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ደንበኛው ተራው ሲደርስ ጥጉ ላይ ያለችው የእንጨት ክፍል ይገባል፤ በሩን ሲዘጋ ጣሪያው ላይ አምፖል ይበራል። መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ድምፅ አያሳልፍም። ጋሽ ሃሎ የስንቱን ሳቅና ለቅሶ ያለ ድምፅ አይቷል!

ሚስቱም ያኔ ደንበኛው ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ከተማ ላለች እህቷ ትደውላለች። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ባንኮኒው ላይ ያለው የደቂቃ ቆጣሪ ቆሞ፣ እሷ ግን መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቆጣሪው ተበላሽቶ ነው ብሎ ቴክኒሻን ሁሉ ጠራ። ቆጣሪው ደህና ነው። እሷ ናት በተዘጋ ስልክ የምታወራው። መስታወቱን አላንኳኳባትም። ወረፋው ቢያጉረመርምም፣ በቃኝ ብላ እስክትወጣ በመስታወቱ ሲያያት ይቆያል። ከተጋቡ በኋላ "ግን ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?" ይላታል። "ሌላ ቀን እነግርሃለሁ" ብላ ትስቃለች። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ ሄደች። ጥያቄው እስከ ዛሬ አብሮት አለ።

ልጁ ያቺን ክፍል አንስተን ሁለተኛ ማሽን እናስገባ ብላ ስንቴ ለምናዋለች። ጋሽ ሃሎ ግን ፍንክች አላለም። አሁን ሄዶ በሩን ከፈተና ገብቶ ዘጋው። አምፖሉ በራ። ቁመቱ ልክ ነው፣ ሙቀቱ ልክ ነው። የማይሆነው መስታወቱ ብቻ ነው። ግንባሩን አስደገፈበት። በዚህ በኩል ነበር የሚያያት፤ ይሄ ከወጣ ምን ቀረው? እንዲህ እያለ ቆሞ፣ አልጋ ላይ ሆና የጠየቀችው ትዝ አለው። የጠየቀችው ስለ እስስቱ ነው። ስለ መስታወቱ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ጉጠትና መዶሻውን አመጣ።

ልጁ የሚስማር ሲጥጥታ ሰምታ ስትመጣ፣ አባቷ መስታወቱን የያዘችውን ጠርዝ እየነቀለ ነው።

"አባዬ! ምን እየሠራህ ነው?"

"ቤት ፈልግ አላልሽኝም? እየፈለግሁ ነዋ።"

"ይሄንን? እኔ ቦታ ጠበበኝ አልኩ እንጂ... እማዬን የምታይበትን መስታወት?"

"ያዢልኝ፤ እንዳይሰበር" አላት ቀና ሳይል።

ያዘችለት። እንባዋ ቢመጣም እጇን አልለቀቀችም። ሁለቱ ተጋግዘው መስታወቱን አውጥተው ከመደርደሪያው ጀርባ አቆሙት። በቦታው ከቤቱ መስኮት የተረፈውን የትንኝ ወንፊት ወጥረው መቱበት። ከግቢው ቅርንጫፍ ቆርጠው አቆሙ፤ አዲስ ተክል በጣሳ ገባ፤ ሥራ አስኪያጁም ተከተለ። ልጅቷ ስልኩንም ልትነቅለው ስትል፣ ሥራ አስኪያጁ በደህናዎቹ እግሮቹና በጅራቱ የመነጋገሪያውን ጥምዝምዝ ገመድ አንቆ ይዞ መውጣት ጀምሯል።

"ተይው" አለ ጋሽ ሃሎ፤ "ቢሮው ነው፤ ያለ ስልክ እንዴት ይሠራል?"

እሁድ አልፎ ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሃሎ የውሃ መርጫውን ይዞ ገብቶ በሩን ዘጋ። አምፖሉ በራ። ቅጠሉን ረጨ። እስስቱ ጠብታዋን ቀስ ብሎ ሲልስ፣ ቆዳው አረንጓዴ እየሆነ ሲመጣ አየ። መነጋገሪያው ላይ የተረጨውን ውሃ ሊጠርግ አነሳው፤ ጠረገው፤ ከዚያ መመለሱን ትቶ ጆሮው ላይ አደረገው። ምንም ድምፅ የለውም።

"ሃሎ" አለ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀስ ብሎ ብሎት አያውቅም። "ቤት አገኘሁለት። ደህና ነው። ውሃም ጠጥቷል።" እስስቱን ቀና ብሎ አየው። "ከማንም ጋር አልነበረም አይደል የምታወሪው? እኔ እንዳይሽ ብለሽ ነበር። አይቼሻለሁ እኮ። ሁሌም አይሻለሁ።"

መስታወት የለማ፤ ቃል በቃል ወደ ውጭ ይሰማል። ልጁ ሰማች። እየሠራ የነበረውን ማሽን አጠፋችና እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። በዚህ መሃል ያቺ የጅራቷ ደንበኛ ሌላ ወረቀት ይዛ ገባች።

"ዛሬ ደግሞ ጋሽ ሃሎ የሉም እንዴ?"

"አለ" አለች ልጁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ስልክ ላይ ነው።"