ጽዋዋ መያዣ የሆነች ጊዜ

ማኅበራችን የኪዳነ ምሕረት ነው። ወር በገባ በአሥራ ስድስት፣ ደባርቅ ላይኛው ሰፈር፣ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል፤ መምሬ ወልደ ሩፋኤል ጸሎት አድርሰው ጽዋዋን ይባርካሉ፤ ሁላችንም ከዚያች አንዲት የሸክላ ጽዋ እንጎነጫለን። ሲመሽ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ በእልልታ ወደሚቀጥለው ተረኛ ቤት ትሄዳለች። ከእሷ አብሮህ የጠጣ ሰው ቢታመም ታርስለታለህ፣ ቢሞት መቃብሩን ትቆፍራለህ። ይህን የሚያስገድድ ውል የለም። ጥንትም አልነበረም።

ፀጋው ያየብን ይህንኑ ነው።

ፀጋው የብድርና ቁጠባ ሠራተኛ ነበር። በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ ባንክ የነጋዴና የደሞዝተኛ ደጅ እንጂ የእኛ ባልነበረበት ጊዜ፣ ሞተር ብስክሌት ተሰጥቶት ወደ እኛ ተመደበ። "ተደራጁ፣ ተዋዋሱ፣ ተበደሩ" እያለ ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ይዞራል። ሐሳቡ ክፉ ነበር አልልም። አራጣ አበዳሪ ስንቱን ገበሬ በሬ አልባ እንዳደረገ ያየ ሰው፣ በልክ ወለድ የሚያበድር መጣ ሲባል ደስ ይለዋል። ሰው የፈራው ዋስትናውን ነው። ተበዳሪዎቹ እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ፤ አንዱ ካልከፈለ የሁሉም ቀጣይ ብድር ይቀራል። የማኅበራችን ቀልደኛ ድረስ "ለሰው ዋስ ከምሆን ለጅብ እሆናለሁ። ጅብ ሊበላኝ ሲመጣ ቢያንስ ይጮሃል" ብሎ መለሰው።

ታዲያ ድረስ ራሱ በጥቅምት ተረኛ ሆነና ፀጋውን ለዝክሩ ጠራው። ፀጋው ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ጽዋዋ ከእጅ እጅ ስትሄድ፣ ተኳርፈው የመጡ ሁለት ሰዎች ከመጠጣታቸው በፊት ተነሥተው ሲሳሳሙ አየ። ዓይኑ ከዚያ አልተነሣም።

"እናንተ እኮ ግሩፕ ናችሁ" አለ በመጨረሻ። "ተሠርቶ ያለቀ ግሩፕ።"

"እኛ ማኅበር ነን፣ ልጄ" አሉት መምሬ።

"እሱን ነው የምለው፣ አባቴ። ሌላ ቦታ ሰው ለማዋዋስ ስንት ወር እለፋለሁ። እዚህ እመቤታችን ጨርሳልኛለች።"

ሰው ሳቀ። መምሬ ጢማቸውን ዳሰሱ። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ አያ አለምነህ ግን ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ ስንት እንደሚያበድሩ ጠየቀ። በዚያው ሳምንት አብዛኛው ማኅበርተኛ ፈረመ። እኔ ከበረንዳዬ ላይ ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ፤ ብድር ስላላስፈለገኝ አልገባሁበትም።

ገበያነሽ ገባችበት። ገበያነሽ ባሏ የሞተባት ነች። ባሏ ሁመራ እየወረደ ሰሊጥ ያጭድ ነበር፤ በዚያ ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው፤ የመጨረሻውን ጊዜ ወባ ይዞ መጣና ቀበርነው። ሊሞት ሲል አንድ ነገር ተናግሯል። የየካቲቷ ኪዳነ ምሕረት፣ የዓመቷ ማለት ነው፣ ከቤታቸው ስትውል ለማየት ተስሎ ነበር፤ ተራው ሳይደርስ ሄደ። ስለቱን ለእሷ ተወላት። ተራው በመጪው የካቲት የእሷ ነበር።

በተበደረችው ገንዘብ ከበየዳ የመጡ በጎች ገዛች፤ አድልባ ለገና ልትሸጥ። በኅዳር ሆዳቸው እየተነፋ አለቁ። አንዱን እንኳ ለማረድ አልደረሰችም።

ጥር አሥራ ስድስት ማኅበሩ ከእኔ ቤት ዋለ። የብድሩ መክፈያ ቀን አልፏል። ገበያነሽ ጽዋዋን ልትረከብ አዲስ ነጭ ጨርቅ አጥባ ይዛ መጥታለች። ፀጋውም መጣ፤ አያ አለምነህ ነው የጠራው።

መምሬ ጸሎቱን እንደጨረሱ "እንደ ልማዳችን እናዋጣላት" አሉ። "የድረስ በሬ ገደል የገባ ጊዜ እንዳደረግነው።"

"አባቴ፣ እሱ ዲሲፕሊን ያበላሻል" አለ ፀጋው። ድምፁ ትሑት ነው፤ ልጁ ክፉ አይመስልም፤ ይህ ነው የሚያስጠላው። "ዛሬ ለእሳቸው ካዋጣችሁ ነገ ሁሉም መዋጮ ይጠብቃል። መክፈል አለባቸው። መያዣ ቢኖር ጥሩ ነበር።"

"ምን አላት ብለህ ነው?" አለ ድረስ። "እኔ እንደሁ በበሬዬ ጊዜ ታግዣለሁ፤ የድርሻዬን አዋጣለሁ።"

አያ አለምነህ ጉሮሮውን ጠረገ። የሁለተኛው ዙር ብድር የመጀመሪያው እጥፍ ነው፤ በእሱ የእህል መጋዘን ሊከፍት ከአዲ አርቃይ ነጋዴዎች ጋር ተነጋግሯል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

"ጽዋዋ እዚሁ ትቆይ" አለ። "እስክትከፍል።"

ገበያነሽ ጨርቁን ከጉልበቷ ላይ አጣጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው።

"ሙሴ፣ እመቤቴን ነው መያዣ የሚያደርጓት?"

"እመቤታችንን አላልሁም። ጽዋዋን ነው ያልሁት። አንቺም ክፈይና ውሰጃት። ለሁላችን ስንል ነው።"

ፀጋው መሬት መሬት እያየ "እንዲህ ያለ አሠራር ሰምቼ አላውቅም" አለ። ቀጥሎ ግን "ቢሠራ ጥሩ ነው" አለ።

መምሬ ወደ አያ አለምነህ ዞሩ። "ይህ ኃጢአት ነው፣ አለምነህ።"

"ቃል ማፍረስስ፣ አባቴ?"

ድረስ ዙሪያውን አየ። አብሮት የሚያዋጣ ማን እንደሆነ እየፈለገ ነበር። ከተበዳሪዎቹ አንድም ቀና ያለ የለም። ሁሉም እየዳበሰ ዳቦውን ይቆርሳል። እኔ ያለኝን አወጣሁ፣ መምሬም አወጡ፣ ድረስም። ተደምሮ ለአንድ በግ አይበቃም። ገበያነሽ ሁሉንም ወደየኪሳችን መለሰችው። "የካቲት ሳይገባ እመጣለሁ" ብላ ጨርቋን ይዛ ወጣች። ዳቦዬን ሊበሉ የቀሩትን አስተናገድሁ። ሲያላምጡ የሚሰማው ድምፅ ከዚያ በፊት አስጠልቶኝ አያውቅም።

ጽዋዋ ከእኔ ቤት ሰነበተች። በየማታው ሳያት ሰው አስረው ጠብቅ ያሉኝ ይመስለኝ ነበር።

ገበያነሽ እንዳለችው መጣች። "ከፍያለሁ። ሙሴም ያውቃሉ።" ጽዋዋን ጠቅልላ ታቀፈቻት። እልል የሚል አልነበረም፤ ብቻዋን አትሄድም ብዬ ተከተልኋት። ቤቷ ስንደርስ ቆሜ ቀረሁ። የጣራው ማገር ባዶውን ተገትሮ ሰማይ ይታያል። የእመቤታችንን ሥዕልና መኝታዋን ወደ ማድ ቤቱ፣ ወደ ሣር ክዳኑ፣ አዛውራለች።

"ቆርቆሮውስ?"

"ሙሴ ገዙኝ። ቅዳሜ ገበያ ከሚሰጡኝ ዝቅ አድርገው ነው፤ ግን እጅ በእጅ ነው። ለመጋዘናቸው ይሆናቸዋል።"

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን አንሣልኝ አለችኝ፤ አነሣሁላት።

የካቲት አሥራ ስድስት ጾም ገብቶ ስለነበር ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። በዚያ ማገር ሥር ተቀመጥን። ማንም አልቀረም፤ መጥተው መብላቱን አልተዉትም። ከሊማሊሞ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጧፉን ደጋግሞ አጠፋው፤ መምሬ ያለ ጧፍ ደገሙ። አያ አለምነህ ፀሐዩ ጠነከረበትና ጥላ ዘረጋ። ጥላው የብድርና ቁጠባው ስም አለበት፤ ለምስጉን ቡድን የተሸለመ ነው። በስለት ዳቦ ላይ፣ በሥዕሏ ፊት፣ ያንን ዘርግቶ አላመጠ።

የሚቀጥለው ተረኛ እሱ ነው። ሲመሽ ገበያነሽ ጽዋዋን ጠቅልላ ሰጠችው።

"ይውሰዷት፣ ሙሴ። የትም አልሄደችም። እርስዎ ዘንድም የምታድረው ከጣራዬ ሥር ነው።"

ሰው እልል አለ። እንደ ልማዱ፣ ምንም እንዳልሰማ።

መጋቢት አሥራ ስድስት ገበያነሽ አልመጣችም። አያ አለምነህ በአዲሱ መጋዘን አስተናገደን። ጸሎቱ ላይ ሳለን በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው እንዲህ ጮሆ አያውቅም፤ መምሬ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሉት አይሰማም። ሰዎቹ ሁሉ ወደ ላይ እያዩ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ "ጥሩ ቆርቆሮ ነው" አለ። ፀጋው በር ላይ ወረቀቱን ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ በረዶው እስኪያባራ ይጠብቃል። ሁለተኛው ዙር ተፈቅዷል። ከጽዋዋ የጠጣ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ይፈርማል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ከእኔና ከመምሬ ሌላ ያልሄደ ድረስ ብቻ ነው። ቀልድም አልነበረው።

ጽዋዋ ለእኔ ደረሰች። ጎነጨሁ። አልወረደም። እንዳልተፋው የእመቤታችን ነው። ጠላው አፌን እንደሞላ ተነሣሁ፤ ፀጋው ደህና ዋሉ አለኝ፣ በራሴ ነቀነቅሁለት። ወጥቼ በዚያ ነጭ በሆነ መሬት ላይ ተራመድሁ። እግሬ ወደ ገበያነሽ ቤት ወሰደኝ።

ማገሩ ላይ ወጥታ የገብስ ገለባ ታነጥፋለች። ግማሹን ሸፍናለች። በረዶውን በእጇ ከገለባው እየለቀመች ትጥላለች። አየችኝ፤ ጉንጬንም አየች።

"ዛሬ ከዚያ ነው የመጣኸው?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"አልወረደልህም።"

ወደ ማገሩ ሥር ተጠጋሁ።

"ዋጠው" አለችኝ። "የእሷ ነው እንጂ የእነሱ አይደለም።"

ዋጥሁት። መረረኝ። ከዚያ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን ገለባ በእቅፌ እያነሣሁ አቀበልኋት።