ባለቤት የበዛበት ሊጥ

አባይነሽ የዳቦ ቤቱን በር ስትከፍት ሊጡ ሊቀበላት ወጣ። ቀልድ አይደለም። ማታ ገንዳው ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ የተኛው ሊጥ ክዳኑን ገልብጦ፣ ወደ ወለሉ ወርዶ፣ ቀስ እያለ ወደ በሩ እየመጣ ነበር። «ኢየሱስ!» አለችና ጫማዋን አወለቀች። ለምን እንዳወለቀች እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሊጡ ደግሞ ተራ ሊጥ አልነበረም። ታቦር ሠፈር ያለውን ይህን ዳቦ ቤት አቶ ማርቆስ ብቻቸውን ሲያስተዳድሩት ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ሊዘጉት ተነሡ። ያኔ አባይነሽ ደፈር ብላ «ለእኛ ለሠራተኞቹ ያከራዩን፤ ማኅበር ሆነን፣ ሁላችንም ባለቤት ሆነን እንሠራለን» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቁባት። «ሁሉ ባለቤት የሆነበት ቤት ባለቤት የለውም። አንዱ በአንዱ ሲያመካኝ ዳቦው ያርራል» አሉ። ሆኖም አንድ ዕድል ሰጧት። የወይዘሮ ብርቱካን ልጅ የምትዳርበትን የቅዳሜውን ሠርግ ዳቦ ሳይዋረዱ ካደረሱ ቤቱ ለእነሱ ይከራያል፤ ካልሆነ የሞባይል መሸጫ ይሆናል። አባይነሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ከዳቦ በቀር ሌላ ሥራ አታውቅም፤ መማርም አላማራትም።

ይኸው ቅዳሜ ደረሰ፤ ሊጡም በእግሩ መጣ።

የምድጃው ሰው ሙባረክ ገባና ወለሉን አይቶ ደረቀ።

«ሙባረክ፣ ምን ነክቶት ነው?»

«ወላሂ ትንሽ ነው የጨመርኩት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ማታ ከሶላት ስመለስ ብቅ ብዬ ሳየው ዝናቡ አብርዶት አልተነሣም። እርሾ ጣል አደረግሁበት።»

«አንተም?» አለች ሩታ ከኋላው። ሩታ ሊጥ የምትቆርጠዋ ናት፤ እሷም ከመዘምራን ልምምድ ስትመለስ ጎራ ብላ ኖሯል።

ዳቦ በባጃጅ የሚያደርሰው ሮቢ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ስለ እርሾ ምን አውቃለሁ? ስለዚህ አንድ ፓኬት ብቻ ነው የጨመርኩት።»

ጥፋቱ የመጀመሪያው ስብሰባቸው ነው። ማኅበሩ ሁሉን ነገር እጅ አውጥቶ ይወስናል፤ የመጀመሪያ ውሳኔውም እያንዳንዱ አባል የበሩ ቁልፍ ይኑረው የሚል ነበር። ቁልፍ የሌለው ባለቤት የት አለ? ሦስቱም አሁን አባይነሽን አዩዋት። ሊቀመንበሯ ናት፣ ትቆጣለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ፊቷ ቀላ።

«እኔም ከመተኛቴ በፊት…» ብላ ሳትጨርስ ሩታ ሳቋን ለቀቀችው።

«ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብላችሁ ማኅበር አስገባችሁኝ! እርሾውን ማን ይሸከምልን?»

ሳቅ እንደ ሊጡ ነው፤ ክዳን አይችለውም። ሙባረክ ግድግዳ ተደግፎ በሳቅ አለቀሰ። ሮቢ አንሸራትቶት ሊጡ ላይ ተቀመጠ፤ ሊነሣ ቢሞክር አልለቅ አለው፤ እዚያው እንደተቀመጠ እጁን አወጣ። «ሐሳብ አለኝ! ዱቄት ይጨመርበት!» ሁሉም እጅ ወጣ፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ። መሬት የነካውን ለዶሮ ለይተው፣ በቀረው ላይ ዱቄት፣ ውሃና ጨው እየጨመሩ በጠረጴዛው፣ በባንኮኒው፣ ባገኙት ሁሉ ላይ ያሹ ጀመር።

አቶ ማርቆስ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ የቆሙት በዚህ መሃል ነው። አባይነሽ የዱቄት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አለቀልን፣ አለች በልቧ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጋሼ ማርቆስ፣ አልዋሽዎትም። ሁላችንም ለየብቻችን መጥተን እርሾ ጨመርንበት።»

ሽማግሌው ዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አሉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አባይነሽ የሚያለቅሱ መስሏት ቀረብ ስትል፣ ሳቅ ኖሯል።

«እኔም» አሉ። «አንድ ቁልፍ አስቀርቼ ነበር። ሌሊት መጥቼ ሳየው፣ እነዚህ ልጆች ሊዋረዱ ነው ብዬ…» እንባቸውን ጠረጉ። «ይሄን ቤት ስይዝ ስንት ሌሊት ሊጡ አልነሣም ብሎኛል። እስከ ዛሬ ግን ከእኔ በቀር ለሊጥ ብሎ ከአልጋው የወረደ ሰው አላየሁም።»

አባይነሽ አፈረችም፣ ደስም አላት። በእሳቸው ጊዜ ያንን ሁሉ ሌሊት እሷ ለጥ ብላ ነበር የምትተኛው። አቶ ማርቆስ ኮታቸውን ሰቀሉ፣ እጃቸውን ታጠቡና አብረው ማሸት ያዙ።

ዳቦው ትራስ አክሎ ወጣ። እርሾ እርሾ አይልም ማለት ውሸት ነው። ሮቢ ለሠርጉ አድርሶ ሲመለስ ግን ከባጃጁ ሳይወርድ ነው የጮኸው። «ወይዘሮ ብርቱካን ለመልሱም ይህንኑ ዳቦ ይጋግሩልኝ ብለዋል!» የተረፈው ብዛቱ የጉድ ነበር፤ የሠፈሩ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ትኩሱን ሊገዛ ተሰለፈ።

አቶ ማርቆስ ቁልፋቸውን አውጥተው ለአባይነሽ ዘረጉላት። «ቤቱ የእናንተ ነው» አሉ።

ሩታ ግን እጇን አወጣች። «ሐሳብ አለኝ። ጋሼ አባል ይሁኑ፤ ቁልፉም ከእሳቸው አይወሰድ።» በሙሉ ድምፅ አለፈ።

«እሺ» አለች አባይነሽ፣ ሊቀመንበርነቷ ትዝ ሲላት። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ሌሊት ሊጡን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን ይሁን?»

የሁሉም እጅ ወጣ። የአቶ ማርቆስም፣ የራሷም።