ፊደል በፊደል

"ስድስቱም መስኮት ትኬት መቁረጥ አቁሟል። ምን ነካሽበት?" አለ የክፍሉ ኃላፊ በሩን በርግዶ እየገባ።

የሲስተም ሠራተኛዋ ቀና አላለችም። ሰውዬውን የአውቶቡስ መናኸሪያው ሠራተኛ ሁሉ በሌለበት "እኔ ጋ ይሠራል" እያለ ነው የሚጠራው። ባለፈው ወር ሲስተሙ ሲቆም "እሷ ነካክታው ነው" ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አሰጥቷታል። የአሥራ አንድ ዓመት ስሟ በአንድ ቃል ጭቃ ተቀባ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቂሟን እንደ ልጅ አቅፋ ነው የምታድረው።

"እኔ እጄ የለበትም። ትናንት የትኬት መዝገቡ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር አዲሱን አድራሻ ያስገቡት እርስዎ ነዎት" አለች።

"አዎ፣ አስገብቻለሁ። እኔ ጋ ይሠራል።"

ይሠራል እንጂ! አድራሻውን የጻፈው በራሱ ስክሪን ላይ ነዋ፤ እዚያ የተጻፈ ደግሞ ከዚያ ስክሪን አያልፍም። ለገዛ ጆሮው አንሾካሽኮ አገር ሰማኝ ብሎ ቤቱ ገባ። መስኮቶቹ ሁሉ በሚጋሩት ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ፣ "ኢቲሲ ኢንቫይሮንመንት" በሚባለው ፋይል ቢጽፈው ኖሮ፣ ማንኛዋም ሻጭ ጠዋት በስሟ ሲስተሙ ውስጥ ስትገባ አድራሻውን ታገኘው ነበር። አንዲት መስመር ናት። ሠራተኛዋ ገና እንደገባች ጉድለቱን አይታ ዝም ያለችው አውቃ ነው፤ ደስም ብሏታል።

የመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ መጡ። ከኋላቸው ሥራ የፈቱት ሻጮች በሩ ላይ ተኮለኮሉ።

"ሰልፉ አስፋልቱ ጋ ደርሷል። የማን ጥፋት ነው?" አሉ።

ኃላፊው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። "ግድ የለሽም፣ አስተካክይው። ደብዳቤውን አስነሣልሻለሁ።"

"በአደባባይ አዋርዶ በጓዳ ይቅርታ የለም" አለች ጮክ ብላ። "ለእሳቸው ይንገሯቸው። የባለፈውንም ጭምር።"

ኃላፊው ሻጮቹን አየ፤ ሥራ አስኪያጁን አየ። ውጭ ተሳፋሪው መስኮቱን ይደበድባል።

"የእኔ ስሕተት ነው" አለ በመጨረሻ። "ያለፈውም የእኔ ነበር።"

"ደብዳቤው ዛሬውኑ ይነሣል" አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ ወደ እሷ ዞረውም "በይ እባክሽ አስተካክይው" አሏት።

ፋይሉ ፊቷ ተከፍቷል፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባትም። ተነሥታ ወንበሯን ለኃላፊው ሳበችለት።

"ይቀመጡ። እኔ ፊደል በፊደል እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ ይጻፉ። ሲጨርሱ በየመስኮቱ ዞረው ሻጮቹን 'ከሲስተሙ ውጡና እንደገና ግቡ' ይበሏቸው። ለምን ብለው ከጠየቁዎትም ይንገሯቸው።"