«እሺ» ካለች

ሽማግሌ ለጉዳይ ሲመጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በር ላይ ቆሞ «ጉዳይ አለን» ይላል፤ ባለቤቱ ጉዳዩን ይሰማና ልቡ ከፈቀደ «ተቀመጡ» ይላል። አንዴ ያስቀመጣቸውን ባዶ እጃቸውን አይሸኛቸውም፤ ከሸኘ ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ይህን ኮምቦልቻ ውስጥ የማያውቅ የለም። አቶ በሺርም ያውቃል። ያም ሆኖ በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በግቢው በር ሲዘልቁ ባየ ጊዜ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው ሳይል በሁለት እጁ ሁለት ወንበር አንጠልጥሎ ሮጠ።

ሰልዋ በመስኮት አየችው፤ ወዲያው ገባት። አባቷ ሃያ ሰባት ዓመቷን የደፈነች ልጁን ሊያጩ የመጡ መስሎታል። እናቷ ከሪማም ከጓዳ ብቅ ብላ «ፊትሽን ታጠቢ» አለቻት።

«ታጥቤአለሁ።»

«ድገሚው።»

አቶ በሺር ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል በጡረታ የወጣ ሰው ነው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን ስለወሰደው ሹክ የሚለውም ለጎረቤት ይሰማል። ሰላምታው እንኳ በወጉ ሳያልቅ «የማን ልጅ ነው?» አለ።

«ማን?» አሉ ሼህ ሀፊዝ፣ የሐርቡው።

«ልጁ ነዋ።»

ጋሽ በላቸው፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅ እንኳን አይደለም። ስድሳ ሊሞላው ነው።»

«ስድሳ?»

«በሺር፣» አሉ ሼህ ሀፊዝ፣ «ለኒካ አይደለም የመጣነው። ለእርቅ ነው። ልጅህ ከመሕሙድ ጋር ተጣልታለች።»

አባቷ ሼሁ የተቀመጡበትን ወንበር አየ። ከሥራቸው ስቦ ማውጣት ቢቻል ኖሮ ያወጣው ነበር።

መሕሙድን ደሴ ውስጥ የማያውቀው የለም። ከሃያ ዓመት በፊት ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ የጀመረው የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ዛሬ አገር አዳርሷል። «ፕሮግራሙን ከፍቶ ውስጡን ማየት፣ ማስተካከል፣ ቀድቶ ለጎረቤቱ መስጠት ያልተፈቀደለት ሰው ባለቤት አይደለም፤ ጭሰኛ ነው» ይላል። የአማርኛ መጻፊያ ሠርቶ ለሁሉም በነፃ በተነው፤ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ቀበሌውም በሱ ይጽፋል። ሰልዋን በአሥራ አምስት ዓመቷ ኮድ ያስተማራት እሱ ነው፤ ሳንቲም ሳይቀበል። ዛሬ ፕሮግራሙን የምትይዘው፣ አዲስ እትም ሲደርስ የምታወጣው እሷ ናት። እሱ የእንቅስቃሴው ሊቀመንበር ነው።

ታዲያ በቅርቡ በፌስቡክ ገጹ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «እሺ» ብላ ካገባች ማን ምን ወሰደባት? አሥራ ስምንት የሚባለው ቁጥር ቢሮ ውስጥ የተተከለ አጥር ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አጥር ስነቅል ኖሬአለሁ።

ሰልዋ እዚያው ሥር መለሰችለት፦ ጽሑፉ ነውረኛ ነው፤ ሊቀመንበርነቱን ይልቀቅ፤ እስኪለቅ አዲሱን እትም አላወጣም። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ደገፋት፤ ግማሹ «ያጎረሰ እጅ ነከሰች» አላት።

ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር። ቃሏን እንድታነሳ፣ ሐሙስ ደሴ በሚደረገው የእንቅስቃሴው ስብሰባ ላይም ከመሕሙድ ጎን እንድትቀመጥ።

«ምን በደለሽ?» አሉ ሼህ ሀፊዝ።

«እኔን አልበደሉኝም።»

«ስምሽን በክፉ አነሳ?»

«አላነሱም።»

«ታዲያ ያልተበደለ ሰው የምን ቂም ይይዛል?»

በሳቸው ሚዛን ከበዳይና ከተበዳይ በቀር ሌላ ሰው አይቀመጥም። ጋሽ በላቸው ደግሞ ከወዲያ በኩል መጡ፦ «ሰው ሥራው ሌላ፣ አፉ ሌላ። በሬው ካረሰልሽ ቢያገሳ ምን ቸገረሽ?»

«ሰው ቤት ገብቶ እያገሳ ነዋ፣ ጋሽ በላቸው። ሼህ ሀፊዝ፣ ጽሑፉን አንብበውታል?»

«የናንተን ፌስቡክ እኔ ምን አውቄ።»

ስልኳን አውጥታ አነበበችላቸው። ሼሁ መቁጠሪያቸውን ማዞር ተዉ።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«ይሄን ሰምቼዋለሁ፣» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ አባት ኒካ እሰርልኝ ብሎ መጣ። ልጅቷ ገና ናት ስለው፣ ይኸው የተማረ ሰው ጽፎታል፣ እሷም እሺ ብላለች ብሎ ከስልኩ አነበበልኝ። የማን ጽሑፍ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።»

«አሰሩለት?»

«እምቢ አልሁት። ሌላ ሰው ፈልጎ አሳሰረ።»

ሰልዋ አሁን ይነሳሉ ብላ ጠበቀች። አልተነሱም። ዞር ብለው አባቷን አዩ። «ወላሂ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ይህን ብሰማ ተመልሼ እሄድ ነበር። አንተ አስቀመጥኸኝ። አሁን ባዶ እጄን ብወጣ ነውሩ ያንተ ነው። አንቺም ልጄ፣ አባትሽን አታዋርጂው።»

አቶ በሺር አንገቱን ደፋ። ሰልዋ የደፋውን አንገት ስታይ ተናደደች፤ ከሁሉ በላይ የያዛት እሱ ነበር። መሕሙድን በክርክር ትችለዋለች፤ ይህን አንገት ግን በምንም አትችለውም።

«አሥራ አምስት ዓመቴ ሳለ፣» አለች፣ «እሳቸው ሐይቅ ውስጥ ግቢ ቢሉኝ እሺ ብዬ እገባ ነበር። አሁን የሚያወሩለት እሺ ያ ነው። ከኔ አፍ ይውጣ እንጂ የሳቸው እሺ ነበር።»

አባቷ ቀና አለ። በሕይወቷ ሰምታው በማታውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ «ነክቶሻል?» አላት።

«አልነኩኝም፣ አባዬ።»

«በቃ፣» አሉ ጋሽ በላቸው፣ «ንጹሕ ሰው መሆኑን ራስሽ መሰከርሽለት።»

ቀና ብላ ሼሁን አየች፤ እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። የተናገረችው ሁሉ ዞሮ እሷኑ ያስር ጀመር። ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ቁጥር ሊሞላ የመጣው የመሕሙድ የአጎት ልጅ፣ እስካሁን ትንፍሽ አላለም ነበር። አሁን ስልኩን አውጥቶ ደወለና ድምፁን ለሁሉም ከፈተው።

«ሰልዋ፣» አለ መሕሙድ፣ «አልተቀየምሁሽም።»

«ጽሑፍዎን ያነሱታል?»

«ሐሳብ ነው። ሐሳብን በሐሳብ መልሺ እንጂ እትሙን መያዣ አታድርጊብኝ።»

«መሕሙድ፣ ሀፊዝ ነኝ። ባንተ ጽሑፍ ሐርቡ ላይ አንዲት ልጅ ተድራለች።»

መሕሙድ፣ ሁልጊዜ እንደሚያስተምርበት ባለ ረጋ ያለ ድምፅ፣ «እሷን ጠይቃችኋታል?» አለ።

ማንም አልጠየቃትም። ሼሁም፣ አባትየውም። ሰልዋም ስሟን እንኳ አልጠየቀችም። የጠላችው ሰው ትክክል የሆነባትን ያህል በዚያ ቀን ምንም አላቃጠላትም።

«ሐሙስ ከጎኔ መቀመጥ ካልፈለግሽ፣» ቀጠለ፣ «ኮዱን ቀድተሽ ሂጂ። ፈቃዴን አትጠይቂ። እኔ ዘንድ ማንም አይታሰርም።»

ሼህ ሀፊዝ ወደ ሰልዋ ጎንበስ አሉ። «ምን እያለ ነው?»

«ፕሮግራሙን ይዘሽ ለብቻሽ ሥሪ እያሉኝ ነው።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

ሼሁ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ተደገፉ። «እንዲህ ከሆነ ፍቺ ነዋ። ፍቺንም ቢሆን ሽማግሌ ይጨርሰዋል። በሉ፣ ይቅር ተባባሉ፤ አውፍ በሉ።»

መሕሙድ በስልኩ ውስጥ «አውፍ» አለ። ሰልዋ አባቷን አየች። «አውፍ» አለች፤ ቃሉ ከጥርሷ አላለፈም። ዱዓ ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን አልወጡም። አቶ በሺር ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቤት መለሰ፤ ሲመልስ ማንንም አላየም።

ሰኞ ደሴ ወደሚገኘው ቤቷ ወጥታ ኮዱን ቀዳች፣ አዲስ ስም አወጣችለት፣ ፋይሎቹን መክፈት ጀመረች። የሁሉም ራስጌ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የጻፈው መሕሙድ። ቅዳው፣ ለውጠው፣ ለሰው ስጠው፤ የመጀመሪያውን ጸሐፊ ስም ግን አትፋቅ ይላል ደንቡ። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው፤ ያመነችበት ደግሞ እሷ። ብትፍቀው ሌባ ትሆናለች።

አባቷ ደወለ። «ጨረስሽ?»

«ስሙ ቀረ።»

«ፋቂዋ እሱን።»

«አይፋቅም፣ አባዬ።»

«ነፃ ነው አላለም እንዴ?» እያለ ጮኸ፤ ተቆጥቶ ሳይሆን አልሰማው ብሎ።

ሐሙስ፣ መሕሙድ አዳራሹ ውስጥ ሲጨበጨብለት፣ እሷ ቤቷ ሆና አዲሱን ፕሮግራም ለቀቀችው። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ የገጠር መምህር መልእክት መጣ፦ «ፊደሉ አምሮበታል፣ እናመሰግናለን። የጋሽ መሕሙድ ሥራ ነው አይደል?»

ረጅም መልስ ጻፈች። አጠፋችው። ሌላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው።

«ነው» ብላ ላከች።