ሁለት ጊዜ የተጨመረ ዓመት

ሥራዬ ጦርነት ነው። ከአሜሪካ ነጻነት በፊት በሜይን ግዛት ወንዞች ዳር የተካሄዱትን ትንንሽና ቆሻሻ ጦርነቶች ሳስተምር ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስም ያተረፍኩት በአንድ መጽሐፍ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች በነሐሴ 1707 እ.ኤ.አ. የእኛን የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ምሽግ አጠቁ፣ የሰፋሪዎቹ ሻምበል ትሬድዌልም ብድሩን ሊመልስ በየካቲት 1708 ከፏፏቴው በላይ የነበረውን መንደራቸውን አቃጠለ ብዬ ጻፍኩ። የዛሬዎቹ ነባሮች ሽማግሌ ጆሴፍ አቲያን ግን መንደሩ የተቃጠለው ከጥቃቱ ቀድሞ ነው ብሎ በአደባባይ ሞገተኝ። "እኔ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አለኝ፤ እርስዎ ምን አለዎት?" አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ባለፈው መኸር የሻምበሉ ደብዳቤ፣ በራሱ እጅ የጻፈው፣ ከአንድ ቤተሰብ ሳጥን ወጣ። "የካቲት 1706" ይላል። ያኔ በእንግሊዞች ዘንድ አዲስ ዓመት የሚገባው በመጋቢት ስለነበር በዛሬው አቆጣጠር 1707 ማለት ነው። በሙያችን የዚያ ዘመን የየካቲት ወረቀት ስናይ አንድ ዓመት መጨመር የእጅ ልማድ ነው። እኔ የሠራሁበት ግን የቆየ ግልባጭ ነበር፤ ገልባጩ ዓመቱን ቀድሞ ጨምሮ 1707 ብሎታል። እኔ በላዩ ደግሜ 1708 አደረግኩት። መንደሩ የተቃጠለው ከምሽጉ ጥቃት ስድስት ወር በፊት ነው። ብድራቸውን የመለሱት እነሱ ነበሩ።

"ጡረታህ ሁለት ዓመት ሲቀረው ራስህን ልትሰቅል ነው?" አለኝ የክፍላችን ኃላፊ ሆሊስ ትራስክ፣ ስህተቴን በአደባባይ ላወጣ መሆኑን ስነግረው። "የግርጌ ማስታወሻ አድርጋት። ማን ያነባታል?"

"እኮ፣ ማንም ስለማያነባት ነው የማላደርገው።"

"ባንተ መጽሐፍ ላይ ተንጠልጥለው ዶክተር የሆኑት ስምንቱስ?"

"አብረውኝ ይውደቁ።"

"የምትወድቀውስ አንተ ነህ፣ ወንድሜ። እነሱ ረግጠውህ ያልፋሉ።"

ትራስክ ፈሪ ነው፤ በዚህ ግን አልተሳሳተም። መጽሐፉ ከገበያ እንዲሰበሰብ ለአሳታሚው ጻፍኩ። በሳምንቱ የቀሩኝ ሦስት ተማሪዎች ሌላ አማካሪ ይሰጠን ብለው አመለከቱ።

ይሁን። እኔን ያንገበገበኝ ሽማግሌው ነው። ሳንባው እያለቀ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ሳይሞት ይቅር እንዲለኝ ፈለግኩ። ልጁ ዲሊያ በር ከፈተችልኝ።

"እኔ ብሆን አላስገባዎትም ነበር" አለች። "አባዬ ነው ይግባ ያለው።"

ሽማግሌው አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አድርጎ በቴሌቪዥን የቤዝቦል ጨዋታ ያያል። "ድምፁን ቀንሺው፣ ልጄ" አላት። ደብዳቤውን አነበብኩለት፤ ስህተቴንም አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

"ስንት ገደልን ይላል ሰውዬው?"

"አርባ አንድ።"

"ስማቸውን ጽፎታል?"

"አልጻፈም። ቁጥር ብቻ ነው።"

"ቁጥሩንማ አያቴም ነግራኛለች።" ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅኩት። "ታዲያ ምን ይዘህልኝ መጣህ?"

"ልክ እንደነበሩ ልነግርዎት።"

"እሱን ከድሮም አውቀዋለሁ።"

"በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ዓይኑን ከጨዋታው አልነቀለም። "ማን እየመራ ነው?" ሲል ልጁን ጠየቃት።

ዲሊያ ነገረችው፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አደረገችው።