ረቡዕ የተቀዳ ወተት

እናቴ ራሕማ ዱብሉቅ ላይ ሱቅ አላት። ስኳር፣ ጨው፣ ባትሪ፣ ገመድ፣ ጀሪካን፣ ሁሉም አለ። እኔ ልጇ ሚክዳድ በልጅነቴ ከነገሌ ቦረና ከመጣን ጀምሮ እዚያ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስመዝን ነው ያደግኩት። ዘንድሮ ግን በቃኝ አልኩ። እንግዶችን ወደ ኤላዎቹ፣ ወደ ጥልቆቹ የውሃ ጉድጓዶች፣ እና ወደ ቦረና መንደሮች እየወሰድኩ አስጎበኛለሁ ብዬ ነገርኳት።

እናቴ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ፣ "ሰው ከብትና የውሃ ጉድጓድ ለማየት ብሎ ከቤቱ ይወጣል?" አለችኝ።

"ይወጣል።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይሁን፣ ሂድ። ስኳሩ የትም አይሄድም።"

አፏ እንዲህ ነው እንጂ ክፋት የላትም። ያስጨነቀኝም እሷ ሳትሆን አባ ቦሩ ነበሩ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከትልቁ ኤላ ጀርባ ያለው ኦላ፣ መንደር ማለት ነው፣ የእሳቸውን ቃል ነው የሚሰማው። ባለፈው ዓመት መኪና የያዙ ሰዎች ሰላም እንኳን ሳይሉ ገብተው ኤላው ውስጥ ራቁታቸውን ውሃ የሚቀባበሉትን ወንዶች፣ ደጃፍ የተቀመጡትን ሴቶች፣ ሁሉንም በስልክ እያነሱ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አባ ቦሩ ከሩቅ የማያውቁት መኪና አቧራ ካዩ በትራቸውን ይዘው መንገዱ መሃል ይቆማሉ። እኔን የማይመልሱኝ አባቴ ወዳጃቸው ስለነበረና ስኳር ይዤ ስለምመጣ ነው። ብዙ ለመንኳቸው። በመጨረሻ፣ "አንድ ሰው አምጣ። አይቼ እነግርሃለሁ" አሉኝ።

እሳቸው እምቢ ካሉ ሌላውም ኦላ እምቢ ይላል። ያኔ እኔም ወደ ስኳሬ ነው የምመለሰው።

አንድ ሰው የተባሉት እትዬ ወለተሐና ሆኑ። ቡሌ ሆራ የሚኖሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው። የቦረናን ኤላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረው አንድም ቀን በዓይናቸው አላዩትም። "ጉልበቴ ሳይከዳኝ አሳየኝ" ብለው በስልክ ሲጠይቁኝ ከዚህ የተሻለ እንግዳ ከየት ይመጣል አልኩ። በዕድሜ የበሰሉ፣ ጨዋ፣ ስልካቸው እንኳን ፎቶ የማያነሳ። ኦሮምኛ ቢሆን የገበያውን ያህል ይችላሉ።

ዱብሉቅ በገቡ በማግስቱ ጠዋት ካደሩበት ፔንሲዮን ወሰድኳቸው። ቁርስ ልጋብዝዎት ስላቸው "ቆይቼ" አሉኝ። መንገድ የምግብ ፍላጎታቸውን ዘግቶታል ብዬ አለፍኩት። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ከተማውን ሳንለቅ ትምህርቴን ጀመርኩ።

"እትዬ፣ ከብትዎ ስንት ነው ብለው እንዳይጠይቁ። ነውር ነው፣ ቆጥሮ መናገር አይወዱም።"

"እሺ ልጄ።"

"ሰላምታው ረጅም ነው። ስለ ከብቱም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ልጆቹም ናጋ ወይ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ይባላል። ችኩል እንዳይመስሉ።"

"እሺ።"

"ባሳዩዎት ቦታ ይቀመጡ። ደግሞ ዋናው፣ ወተት ይሰጥዎታል። በሁለት እጅ ተቀብለው ይጠጡ። ወተት እምቢ ያለ ሰው ሰላም እምቢ እንዳለ ነው የሚቆጠረው።"

እትዬ ወለተሐና አፋቸውን ከፈት አደረጉ። እኔ ግን ስለ ጫማ፣ ስለ ቤት አገባብ፣ ስለ ሽማግሌ ፊት አቀማመጥ ቀጠልኩ። ለካ እኔ ካወራሁ ለሌላ ሰው ቦታ አይተርፍም።

ኤላውን አየን። እትዬ ወለተሐና ከአፋፉ ራቅ ብለው፣ ሰዎቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውሃውን በዜማ ሲያቀባብሉ እያዩ ቆዩ። ከዚያ፣ "ለልጆቹ የሳልኩላቸው ጉድጓድ ነው። ሰዎቹን አልሳልኳቸውም" አሉ። ደስ አለኝ። እንግዳዬ እንዲህ ናቸው፣ እንግዲህ ምን ይሉኝ ይሆን አባ ቦሩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ኦላው ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አባ ቦሩ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላምታው እንደ ተመከረው ሆነ፣ እንዲያውም እትዬ ወለተሐና ስለ ጥጆቹ ሁለቴ ጠየቁ። አባ ቦሩ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤታቸው ኩሌ ከቤት ወጥታ ለእንግዳዋ ቁርበት አነጠፈች። ተመልሳ ገብታ ጮጮውን፣ የወተት ዕቃውን፣ ይዛ መጣች። የታጠነው ጮጮ ሽታ ከሩቅ ያውዳል። ወተቱን በክዳኑ ቀድታ ለእትዬ ወለተሐና ዘረጋችላቸው።

"ዱጊ" አለች፣ ጠጪ ማለቷ ነው።

እትዬ ወለተሐና እጃቸውን አልዘረጉም። ወደ እኔ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሚክዳድ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው" አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ረቡዕ ከሆነ ምን ይሁን? ቀጥሎ ክው አልኩ። ጾም ነው! እኔ የሙስሊም ልጅ ነኝ፣ ሮመዳን ሲገባ ከሳምንት በፊት ነው የምዘጋጀው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙ እያወቅኩ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ሱቃችን ዘይት ሲሸምቱ እያየሁ፣ እንግዳዬን ወተት ወዳለበት ቤት በረቡዕ ቀን ይዤ መጣሁ።

"ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?" አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

"መች አስተነፈስከኝ?"

ኩሌ እጇን እንደ ዘረጋች ነው። አባ ቦሩ ዓይናቸው ከወተቱ ወደ እትዬ ወለተሐና፣ ከእትዬ ወለተሐና ወደ እኔ ሄደ። የስኳሩ ከረጢት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ዓይኔን በጨው ታጠብኩና ወደ አባ ቦሩ ዞሬ፣ በፈጣን ኦሮምኛ፣ እንግዳዬን ሆዳቸውን አሟቸዋል፣ ሐኪም ወተት ከልክሏቸዋል ብዬ ዋሸሁ።

ኩሌ ደነገጠች። ክዳኑን አስቀምጣ፣ ለሆድ የሚሆን ሥር አለኝ ብላ ወደ ቤት ሮጠች። ወዲያው የሚመር መሆኑ ከሽታው የሚታወቅ ነገር በጽዋ ይዛ ወጣች።

እትዬ ወለተሐና ጽዋውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ገራ ስትል ሰምቼሃለሁ። ሆድ ማለት እንደሆነ አላጣሁትም" አሉኝ በአማርኛ። ከዚያ ቀና ብለው በዚያች በገበያ ኦሮምኛቸው ለአባ ቦሩ፣ "ገራን ኮ ናጋ ዳ። ሶማን ቀባ" አሉ። ሆዴ ሰላም ነው፣ ጾም ላይ ነኝ ማለታቸው ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባ ቦሩ በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ጎናቸው አጋደሙት።

"ሚክዳድ" አሉኝ፣ "ኤላ ውስጥ ውሃ የሚቀባበል ሰው መሃል ላይ ሆኖ ቢደፋው፣ ከላይ የቆመው ከብት ምን ይጠጣል?"

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"የእሷን ቃል ለእኔ፣ የእኔን ለእሷ የምታቀብለው አንተ ነህ። ቃሏን ደፋኸው።"

አንገቴን ደፋሁ። ከእንግዲህ ያለው ሁሉ ያበቃለት መሰለኝ። አባ ቦሩ ግን ወደ እትዬ ወለተሐና ዞሩ። "ጠይቃት" አሉኝ፣ "ጾሙ ለማን ነው?"

ጠየቅኳቸው። አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

"ለእግዚአብሔር ነው" አሉ።

"ለዋቃ ከሆነ ሰላም ነው። መቼ ነው የሚፈታው?"

"ነገ ጠዋት።"

አባ ቦሩ ለሚስታቸው፣ "ወተቱ ይቆያት" አሏት። ኩሌ ክዳኑን አንስታ የቀዳችውን ወተት ወደ ጮጮው መለሰች፣ ከድናም ቤት ውስጥ ሰቀለችው።

እኔ አሁንም የነገሩ መጨረሻ አልታየኝም። "እትዬ ነገ ጠዋት ቡሌ ሆራ ናቸው" አልኩ። "የዛሬ ማታው ሚኒባስ ላይ ቦታ ይዤላቸዋለሁ።"

"ወተቷ እዚህ ነው" አሉ አባ ቦሩ፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል በሚል ድምፅ።

ተረጎምኩላቸው። እትዬ ወለተሐና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ። "እቤት የሚጠብቀኝ አንድ ድመት ነው" አሉ። "እሱንም ጎረቤቴ ታበላዋለች። አድራለሁ በላቸው።"

እኔ በዚያ ኦላ አድሬ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳር አራግፌ፣ ወተቴን ጠጥቼ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር የምመለሰው። ያን ቀን ባጃጁን ባዶውን ሸኝቼ ቀረሁ።

አዲሱ ችግር ራት ሆነ። ኩሌ ጎኗ አስቀምጣኝ ትጠይቀኝ ጀመር። ወተት አይሆንም። ቅቤስ? አይሆንም። ሥጋ? እሱማ ጭራሽ። ኩሌ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ "ታዲያ ምን ቀረ?" አለች። ከልቧ ነበር የተጨነቀችው። በመጨረሻ ጎረቤት ሄዳ በቆሎ አምጥታ ቀቀለች። ቅቤ ያልነካው ንፍሮ ለእንግዳ ማቅረብ ስላሳፈራት ሳህኑን ፊቷን አዙራ ነበር ያስቀመጠችው። እትዬ ወለተሐና ግን ጠዋትም ስላልቀመሱ ሳህኑን ጠርገው በሉት። ድገሚኝ ሲሏት የኩሌ ፊት ፈካ፣ እኔም አንጀቴ ራሰ።

ከራቱ በፊት ከብቶቹ ሲገቡ የሆነውንም መናገር አለብኝ። ኩሌ ስታልብ እትዬ ወለተሐና ልርዳ ብለው ጥጃውን ከእናቱ ለመሳብ ጆሮውን ያዙ። ጥጃው ሳባቸው። እበቱ ላይ በቂጣቸው ዘጭ አሉ። እሳቸው ግን እንደ ተቀመጡ መሳቅ ጀመሩ፣ ኩሌም ጮጮዋን ይዛ ሳቀች፣ ከየቤቱ የወጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባ ቦሩ ብቻ አልሳቁም። ቆመው ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ መጡና፣ "ሌሎቹ ሲመጡ ማንም የሳቀ አልነበረም" ብለውኝ ሄዱ። ተስፋ ይሁን ቁጣ መለየት አቃተኝ።

"ስለ እንግዶቹ የጠየቅካቸውን መለሱልህ?" አሉኝ እትዬ ወለተሐና ልብሳቸውን እያራገፉ።

"ምንም አላሉኝም። በእርስዎ ሳይሆን በእኔ ውሸት ነው የሚበላሸው።"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አሁን ዝም በል፣ ዝም ማለት ዛሬ ለሁለታችንም ይበጃል።"

ጠዋት ኩሌ ጮጮውን አወረደችው። ቤቱ ውስጥ ልጆች ነበሩ፣ እኔም አድሬ ነበር፣ ያን ወተት ግን ማንም አልነካውም። ሙቀቱ ላይ አድሮ መርጋት ጀምሯል። እትዬ ወለተሐና አማተቡ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስኪበቃቸው ጠጡ። ኩሌ እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ከዚያ ከእሳቸው ተቀብላ እሷም ከዚያው ጮጮ ተጎነጨች፣ ጎን ለጎንም ተቀመጡ።

አባ ቦሩ መጥተው ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። እንዴት አደርሽ፣ ሌሊቱ ናጋ፣ ጥጃው ናጋ። ጥጃው ሲሉ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። እኔ ቆሜ ተረጎምኩ። ለብዙ ጊዜ ወደ እኔ አላዩም። በኋላ በተረጋጋ ድምፅ፣ "ሚክዳድ፣ ሌላ ጊዜ ስታመጣ ረቡዕ አታምጣ" አሉኝ።

"እሺ አባ" አልኩ፣ እንደ ተገሠጸ ሰው አንገቴን ደፍቼ። ያሉትን ለእትዬ ወለተሐና ልተረጉም አፌን ስከፍት ነው "ሌላ ጊዜ" የሚለው የደረሰኝ። ማልቀስ አልፈለግኩም፣ አለቀስኩ።

እትዬ ወለተሐና አላሳፈሩኝም። እንዳላዩ ሆነው፣ "ዓርብም አይሆንም በላቸው" አሉ።

አልኩ።

"ዓርብም" አሉ አባ ቦሩ።

"ዐቢይ ጾምም ረጅም ነው በላቸው። ክረምት ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለ። ገና ከመድረሱ በፊት ጾመ ነቢያት አለ። የሐዋርያትም አለ።"

እንባዬን እየጠረግኩ ሁሉንም አቀበልኩ፣ አንዱንም አልደፋሁም። የአባ ቦሩ ግንባር በየጾሙ እየተኮማተረ ሄደ። ወደ ኩሌ ዞረው፣ "እነዚህ ሰዎች የሚበሉት መቼ ነው?" አሏት። ኩሌ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

አባ ቦሩ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ለመሄድ ዞር ብለው ጥቂት ቆሙና፣ "ተወው" አሉኝ። "በፈለጉት ቀን ይምጡ። ማደር ብቻ ይልመዱ።"

እትዬ ወለተሐና ሳልተረጉምላቸው ገብቷቸዋል። ጮጮውን ከኩሌ እጅ ተቀብለው እንደገና ጠጡ።